ሰውነትም ይማራል

ተማሪ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ራሱ ብቻ ነው። ከአንገቱ በታች ያለው ሰውነቱ ራሱን ከመኝታ ቤት ወደ ምግብ አዳራሽ፣ ከምግብ አዳራሽም ወደ ክፍል የሚያመላልስ አጋሰስ ሆኖ ይቈጠራል። ዐሥራ ሁለት ዓመት በተማሪ ቤት፣ ከዚያም ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጠን የኖርን እኛ፣ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» እና «አትንቀሳቀስ» ከሚሉት ሁለት ትእዛዞች በቀር ስለ ሰውነታችን የተሰጠን ትምህርት ምን እንደ ነበር ብንጠየቅ መልሱ ያጥረናል። የስፖርት ሰዓት ነበረን፤ እርሱም ቢሆን ሰውነት ምን ያህል እንደሚሮጥና እንደሚዘል የሚለካበት እንጂ ምን እንደሚናገር የሚጠየቅበት አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ሰውነትም እንደ አእምሮ ሁሉ የሚማር፣ የሚያስታውስና የሚናገር መሆኑን ነው። ለምሳሌ የምናቀርበውም ዮሺ ኦይዳ የተባለውን የጃፓን ተዋናይ ነው። ነገሩን ለመዝናኛ ብቻ ያነሣነው እንዳይመስላችሁ፤ ከመካከላችን የአንዲቱ እኅታችን የወደፊት ኑሮ በዚሁ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ወደ እርሷ ጕዳይ ጥቂት ቈይተን እንመጣለን።

እኛ ስንል ሰባት ተማሪዎች ነን። ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም ሊቀ መንበርም የለንም። ከተለያየ የትምህርት ክፍል የመጣን ስንሆን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ባገኘን ጊዜ ወንበሩን ወደ ግድግዳ እየገፋን ቴአትር እንለማመዳለን። ኦይዳን ያወቅነው ከሎርና ማርሻል ጋር ያዘጋጀውና በ1997 በእንግሊዝኛ የታተመው፣ ስለማይታየው ተዋናይ የሚናገረው መጽሐፍ እጃችን በገባ ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ዮሺ ኦይዳ በ1933 ተወለደ። በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አጠና። እንግዲህ እንደ እኛው የመጽሐፍ ሰው ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የኖን ዜማና የኪዮጌንን አጨዋወት ከመምህራን ዘንድ ተማረ፤ በዘመናዊ ቴአትርም ተጫወተ።

ኖ ማለት በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ካንአሚ በሚባል ተዋናይና በልጁ በዜአሚ እጅ መልክ የያዘ፣ ዜማና ግጥም ከእንቅስቃሴ ጋር የተዋሐዱበት ቴአትር ነው። መድረኩ እያንዳንዱ ጎኑ ስድስት ሜትር ያህል የሆነ የእንጨት ወለል ነው፤ ከኋላው ባለው ሳንቃ ላይ አንድ ትልቅ የጥድ ዛፍ ተሥሎበታል። ተዋናዩ ወደ መድረኩ የሚገባው በጎን በተዘረጋ ድልድይ ላይ እያዘገመ ነው። ሲራመድ እግሩን በወለሉ ላይ ያንሸራትታል፤ ጕልበቱን በጥቂቱ ዐጠፍ፣ ወገቡን ጽኑ ያደርጋል። ዋናው ተዋናይ ብዙ ጊዜ ከእንጨት የተጠረበ ጭምብል ያጠልቃል። ጭምብሉ ሕይወት የሌለው እንጨት ነው፤ ሆኖም ተዋናዩ ራሱን ጥቂት ቀና ሲያደርግ ፊቱ የፈካ፣ ጥቂት ዘንበል ሲያደርግ ደግሞ ያዘነ ይመስላል።

ኪዮጌን በኖ ጨዋታዎች መካከል የሚቀርብ የሣቅ ጨዋታ ነው። በኪዮጌን ቤተ ሰብ የተወለደ ልጅ ትምህርቱን በጦጣ ጀምሮ በቀበሮ ይፈጽማል ይባላል፤ ይኸውም ገና በሕፃንነቱ ጦጣን ሆኖ ወደ መድረክ ይወጣል፤ አድጎና በስሎ የቀበሮን ክፍል በሚገባ የተጫወተ ዕለት ግን ሙያውን እንደ ጨረሰ ይቈጠርለታል። ትምህርቱ የሚሰጠው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከሰውነት ወደ ሰውነት ነው። መምህሩ ያደርጋል፤ ደቀ መዝሙሩ ይከተላል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ፣ ወይም ስለ ቆሎ ተማሪ ኑሮ ከአያቱ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ዜአሚ ስለ ሙያው ብዙ ድርሳናት ጽፎ አልፏል። ከትምህርቱ አንዱ፣ ተዋናይ በልቡ ዐሥር እጅ ቢያስብ በሰውነቱ የሚያሳየው ሰባት እጅ ብቻ ይሁን የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ተዋናይ ራሱን በተመልካች ዓይን፣ ከፊትም ከኋላም እንደሚታይ አድርጎ ይመልከት ይላል። ይህን ያህል ያሰበ ሰው በዘመኑ ሁልጊዜ የተከበረ እንዳይመስላችሁ። ብላቴና ሳለ አገሪቱን ይገዛ የነበረው ሾጉን አሺካጋ ዮሺሚትሱ ወድዶት ከአጠገቡ ቢያስቀምጠው፣ በ1378 አንድ መኰንን የእነዚህ ተጫዋቾች ሥራ የለማኞች ሥራ ነው ብሎ በዕለት ማስታወሻው ላይ በቍጣ ጽፏል። ዜአሚ በመጨረሻ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌ ሳለ፣ በ1434 ወደ ሳዶ ደሴት ተጋዘ።

አሁን ወደ እኅታችን እንመለስ። ይህች ልጅ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ተሰጥቷታል። ውጤቷ የፈለገችው ክፍል ሁሉ የሚያስገባት ነው። እርሷ የምትፈልገው ቴአትር ነው። አባቷ በአንዲት ትንሽ ከተማ እህል የሚነግዱ ደግ ሰው ናቸው። አሳቧን በስልክ ብትገልጽላቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርሁሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?» አሏት። እርሷም «ኧረ አባዬ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አጣች። አዝማሪ የሚለው ስም ስድብ መሆኑ ራሱ ያሳዝናል፤ ማሲንቆውን ይዞ የዘመኑን ወሬ፣ ውዳሴና ወቀሳ በግጥም ያስተላለፈልን ባለሙያ ነውና። ነገር ግን የሰውየውን ሥጋት በንቀት ልናልፈው አይገባም። ልጃቸው በልታ እንድታድር ነው የሚመኙት። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉን የምናነበው ለልምምዳችን ብቻ አልሆነም፤ ለእኚህ አባት የሚሆን እውነተኛ መልስ እየፈለግን ነው።

የኦይዳን መንገድ ለመረዳት ወደ ፈረንሳይ አገር ዞር ማለት ያስፈልጋል። ዣክ ኮፖ የተባለው የቴአትር ሰው በፓሪስ በቪዩ ኮሎምቢዬ ቴአትር ባቋቋመው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊታቸውን ሸፍነው በሰውነታቸው ብቻ እንዲናገሩ ይለማመዱ ነበር። በ1924 እነዚሁ ተማሪዎች በሱዛን ቢንግ መሪነት ካንታን የተባለውን የኖ ድርሰት አጠኑ። የተመሩትም በመጻሕፍት ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት የነበረው ኤቲየን ደክሩ በኋላ የሰውነት ማይም የሚባለውን ሥርዐት መሠረተ፤ ዣን ሉዊ ባሮንና ማርሴል ማርሶንም አስተማረ። ዣክ ለኮክ በ1956 በፓሪስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዚያም ተማሪው ደስታም ኀዘንም የማይነበብበትን ጭምብል አድርጎ መቆምንና መራመድን እንደ አዲስ ይማራል። ዛሬ ፊዚካል ቴአትር እየተባለ የሚጠራው፣ ቃልን ሳይሆን ሰውነትን መነሻ የሚያደርገው የቴአትር ዓይነት ከእነዚህ ምንጮች ብዙ ቀድቷል። እንግዲህ የጃፓን ጥበብ በወረቀት ተጕዞ ፓሪስ የደረሰው ኦይዳ ገና ሳይወለድ ነበር።

በ1968 ባሮ እንግሊዛዊውን አዘጋጅ ፒተር ብሩክን ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ ተዋንያን ጋር ምርምር እንዲያደርግ ወደ ፓሪስ ጋበዘው። ከጃፓን የመጣው ኦይዳ ነበር። የሼክስፒርን «ቴምፔስት» መነሻ አድርገው ሥራ እንደ ጀመሩ የግንቦቱ የተማሪዎች ዐመፅ ተነሣ። ዐመፀኞቹ ባሮ የሚያስተዳድረውን የኦዴዎንን ቴአትር ያዙ፤ ባሮም በዚህ ሰበብ ሹመቱን አጣ። የብሩክ ቡድን ወደ ሎንዶን ተዛውሮ ሥራውን በዚያ አሳየ። ተማሪዎች በነፃነት ስም የያዙት ቴአትር፣ ለአዲስ ምርምር በር የከፈተው ሰው ቴአትር ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን ዝም ብለን ተያየን፤ ነገሩ ዛሬም እንድናስብበት ያስገድደናል።

በ1970 ብሩክ በፓሪስ ዓለም አቀፍ የቴአትር ምርምር ማእከል ሲያቋቁም ኦይዳ ከባልደረቦቹ አንዱ ሆነ። በ1971 በፋርስ አገር በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ መካከል «ኦርጋስት» የተባለውን ሥራ አሳዩ፤ ባለቅኔው ቴድ ሂዩዝ ለዚህ ሥራ ሲል አዲስ ቋንቋ ፈጠረ። ማንም የማያውቀው ቋንቋ ለሁሉም እኩል ነው፤ ፈረንሳዊው ከጃፓናዊው አይበልጥበትም። ተመልካቹም ቃሉን ፈትቶ ሊረዳ ስለማይችል ድምፁንና ሰውነቱን ይከተላል።

ከዚያም በ1972 መጨረሻ ቡድኑ ሰሀራን አቋርጦ ጕዞ ጀመረ፤ በ1973 መጀመሪያ ወራትም በአልጄሪያ፣ በኒጀር፣ በናይጄሪያ፣ ዛሬ ቤኒን በምትባለው በዳሆሜና በማሊ ተዘዋወረ። መድረካቸው በገበያ መካከል የሚነጠፍ ምንጣፍ ነበር። ተመልካቹ የቴአትር ቤት ልማድ የለውም፤ የሚናገሩትን ቋንቋ አያውቅም፤ ካልጣመው ትቶ ይሄዳል። በአልጄሪያ በረሃ ኢን ሳላሕ በምትባል ከተማ መጀመሪያ ምንጣፉን ባነጠፉ ጊዜ አንድ ጥንድ ጫማ በመካከል ተቀመጠና ጨዋታው ከጫማው ተነሣ። ጫማ ምን እንደ ሆነ፣ ጫማ ማጣትም ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። የእኛም አገር የገበያ ሰው ቢሆን ይህን ለመረዳት ዲፕሎማ አይጠየቅም።

ከጕዞው በኋላ በ1975 ቡድኑ «ኢክ» የተባለውን ቴአትር ሠራ፤ ኦይዳም ከተዋንያኑ አንዱ ነበር። ኢኮች በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ያድኑበት የነበረው የኪዴፖ ሸለቆ ለአራዊት መጠበቂያ ተከለለና እንዳያድኑ ተከለከሉ፤ ድርቅም ተጨመረበት። ኮሊን ተርንቡል የተባለው የሥነ ሰብእ ምሁር ስለ ረኃባቸው በ1972 መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ሕዝቡን ጨካኝ አድርጎ ሥሏል ተብሎ በኋላ በሌሎች ምሁራን ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበታል፤ ነቀፌታውም ተገቢ ይመስለናል። ተዋንያኑ ግን ረኃብን ለማሳየት በጥቀርሻና በቡትቶ አልተጠቀሙም። ፎቶግራፎቹን እያዩ የአንዱን አቀማመጥ፣ የሌላውን የእጅ አያያዝ በሰውነታቸው ያጠኑ ነበር። በረኃብ ምክንያት ስሟ በዓለም ሁሉ የተጠራ አገር ልጆች የሆንን እኛ ይህን ስናነብ ልባችን ተነካ። የተራበ ሰው ፎቶግራፍ ብዙ አይተናል፤ በዚያ ሰው አቀማመጥ ተቀምጠን ግን አናውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ሞከርነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማንም የሚናገር አልነበረም።

ኦይዳ ከብሩክ ጋር ብዙ ሠራ። በ1985 በአቪኞን አጠገብ በድንጋይ ካባ ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በፈጀው በ«ማሃባራታ» የጦር መምህሩን የድሮናን ክፍል ተጫወተ። በ2016 በወጣው በማርቲን ስኮርሴዚ «ሳይለንስ» ፊልም ላይም ኢቺዞ የተባለውን የመንደር ሽማግሌ ሆኖ ታይቷል። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ስለ ትወና ሲያስተምር ከምን እንደሚነሣ ታውቃላችሁን? ወለል ከማጽዳት ነው። በጃፓን ልምምድ የሚደረግበት ቦታ አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ጨርቁ በሁለት እጅ ወለሉ ላይ ተይዞ፣ ወገብ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ከዳር እስከ ዳር እየተሮጠ ነው። ቦታው ይጸዳል፤ ወገብና እግር ይጠነክራል፤ ልብም ይሰበሰባል።

ሌላም ነገር ያስተምራል። ሁለት ተዋንያን በየተራ ወደ ጨረቃ ያመለክታሉ። የአንደኛው እጅ ሲነሣ ተመልካቹ እንቅስቃሴው እንዴት ያማረ ነው ብሎ ያደንቃል። ሁለተኛው እጁን ሲያነሣ ግን ተመልካቹ እጁን ረስቶ ጨረቃዋን ያያል። ኦይዳ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው። የማይታየው ተዋናይ ማለትም ይህ ነው። ጥበቡ ስለሌለ አይደለም የማይታየው፤ ከጥበቡ ብዛት የተነሣ ራሱን ከመንገድ ገለል ስላደረገ ነው። ብዙ የሚናገርና «እዩኝ፣ እዩኝ» የሚል ሰው በበዛበት በእኛ ግቢ ይህ ትምህርት ለተዋናይ ብቻ የተሰጠ አይመስለንም።

የሞከርነውን እንንገራችሁ። መጀመሪያ መጥረጊያና ባልዲ ለምነን ክፍሉን አጸዳን። የጥበቃው አባት መጡና «ልጆቼ፣ ቅጣት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ከዚያም እግርን ሳያነሡ መራመድን ያዝን። አሥር እርምጃ የማይሞላውን ክፍል ቀስ ብሎ ማቋረጥ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀብን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይደክመው የሚከራከረው የሕግ ተማሪ አምስት ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተው። ከሁላችንም ይልቅ የሆነለት እስከ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ በክረምት ከአባቱ ጋር ሲያርስ የኖረው ወንድማችን ነው። ሞፈር ይዞ በጭቃ ላይ የሄደ ሰው ወገቡን ማጽናት አያስተምሩትም። እርሱ ግን ይህን ዕውቀት ከባላገርነቱ ጋር አብሮ ሲደብቀው መኖሩን ነገረን። ከተማ ከገባ ጀምሮ እንደ ከተማ ልጅ ለመራመድ ይደክም ነበር።

ሌላው ወንድማችን የጎንደር ልጅ ነው፤ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት አቋቋም ጀማምሯል። በኖ ትምህርት ጆ፣ ሃ፣ ኪዩ የሚባል ሕግ አለ፤ ጨዋታው በዝግታ ይጀምራል፤ ከዚያ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ፈጥኖ ይፈጸማል። ይህን ስናነብ ወንድማችን ፈገግ አለ። በአቋቋም አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም እንደሚባል፣ ከዚያ በዝማሜ መቋሚያው ከሰውነት ጋር እንደሚዘነበል፣ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል እንደሚገባ፣ በጽፋት ደግሞ ጭብጨባ ተጨምሮ እንደሚፈጥን አስረዳን። «እስቲ አሳየን» ብንለው፣ «ይህ ጸሎት ነው እንጂ ትርኢት አይደለም፤ ወንበር በተገፋበት ክፍል አይሆንም» ብሎ እምቢ አለ። እኛም አክብረንለት ዝም አልን። ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት አንደፍርም፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት፣ ሌላው የመድረክ ጥበብ ነው። ነገር ግን ዝግታና ፍጥነት፣ መቆምና መንቀሳቀስ እንደ ሰዋስው በሥርዐት የሚማሩት ነገር መሆኑን አያቶቻችን ያውቁ ነበር ብንል አልዋሸንም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «ታዲያ የራሳችን ካለን ጃፓን ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ለዚህ የካዙኦ ኦኖ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ኦኖ በ1906 የተወለደ ጃፓናዊ ነው። በ1929፣ ተማሪ ሳለ፣ ላ አርሔንቲና የምትባለውን የስፔን ጭፈራ ተጫዋች በቶክዮ አይቶ ልቡ ተሰረቀ። በዮኮሃማ በሴቶች ትምህርት ቤት የሰውነት ማሠልጠኛ መምህር ሆነ፤ ጭፈራም ተማረ፤ ጦርነት መጣና ብዙ ዓመት በውትድርና አሳለፈ፤ ከዚያም ከታቱሚ ሂጂካታ ጋር ሆኖ ቡቶ የተባለውን አዲስ የእንቅስቃሴ ጥበብ ካስገኙት አንዱ ሆነ። ያችን ሴት የሚያወድሰውን ሥራ ለሕዝብ ያሳየው በ1977፣ ሰባ አንድ ዓመት ሆኖት ነው። ካያት ዐርባ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። ያሳየውም የስፔንን ጭፈራ አልነበረም፤ በእርሱ በሽማግሌው ሰውነት ውስጥ ዐርባ ስምንት ዓመት የኖረችውን ሴት ነው። ኦኖ በ2010 በ103 ዓመቱ ዐረፈ። ከሌላ የተቀበሉትን ነገር በራስ ሰውነት ውስጥ አሳድሮ፣ አሳድጎ ማውጣት ይህ ነው። መኰረጅ ግን ያዩትን በነጋታው መድገም ነው።

ለነገሩ ከጃፓን ለመማር ማሰብ በአገራችን አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርኣያ ያደረገ ነበር። አባቶቻችን ያዩት መርከቡን፣ ፋብሪካውንና ሕጉን ነው፤ ማየታቸውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ከ1868 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ኖ የሚደግፉትን መሳፍንት አጥቶ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1871 የመንግሥት መልእክተኞችን እየመራ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሄደው ኢዋኩራ ቶሞሚ በዚያ መንግሥታት ኦፔራቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ አየ። ተመልሶም በ1876 በቤቱ ለንጉሠ ነገሥቱ የኖ ጨዋታ አሳየ፤ ጥበቡም እንደገና ጠባቂ አገኘ። ሰውየው የውጭ አገርን አይቶ የራሱን ለመጣል ሳይሆን ለማንሣት ተመለሰ። እኛ ከባሕር ማዶ ከሚመለስ ምሁር ይህን እንጠብቃለን።

የቀረው የአባትየው ጥያቄ ነው። ድኻ አገር ሐኪምና መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ ተዋናይ ምን ይጠቅማታል? በዚህ ላይ እርስ በርሳችን ተከራክረናል፤ ሁላችንም በአንድ አሳብ አልተስማማንም። የምሕንድስናው ተማሪ፣ «ድልድይ የሌለው ገበሬ ቴአትር አይጠይቅም» ይላል። ሌላዋ ደግሞ፣ «ድልድዩ የት እንደሚሠራ ለመጠየቅ ገበሬው የሚናገርበት ምንጣፍ ያስፈልገዋል» ትላለች። እውነቱን ለመናገር የተዋናይ ኑሮ የሚያጠግብ መሆኑን ለአባትየው ልንምልላቸው አንችልም። ዜአሚም ለማኝ ተብሏል፤ ኦኖም በልቶ ያደረው በመምህርነቱ ነው። ልንል የምንችለው፣ ይህ ሥራ ስንፍና አለመሆኑን ነው። ከሕክምና ያላነሰ ዓመት የሚፈልግ፣ ወለል በማጽዳት የሚጀምር፣ ራስን መርሳትን የሚያስተምር ሥራ ነው። አዝማሪ ብለው ሊሰድቧት የፈለጉ ሰዎችም አዝማሪው ማሲንቆውን ለመያዝ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ አባቱን ሲከተል እንደ ኖረ ይጠይቁ።

እኅታችን ይህን ሁሉ በስልክ መናገር አይሆንልኝም ብላ ለአባቷ ደብዳቤ ጽፋለች። በደብዳቤው ውስጥ ዜአሚን አላነሣችም፤ ብሩክንም አላነሣችም። በልጅነቷ አባቷ እህል ሲሰፍሩ የእጃቸውን አያያዝ እያየች እንዳደገች፣ ሰፋሪው ሐቀኛ መሆኑን ገዢው ከእጁ እንደሚያውቅ፣ እርሷም ይህን እጅ አንድ ቀን በመድረክ ላይ ሰው እንዲያየው እንደምትመኝ ጽፋላቸዋለች። ካነበበችልን በኋላ ማንም እርማት አልጨመረበትም። መልሱ ገና አልመጣም፤ ቅጹ የሚመለስበት ቀን ግን ቀርቧል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰባችንን አልተውንም። ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችሁ ሰውነቱ የሚያውቀውን ነገር ያፈረበት ካለ፣ በአገሩ ያረሰ፣ የፈተለ፣ በገና የደረደረ፣ ውኃ በእንስራ የተሸከመች ካለች ይምጡና ያስተምሩን። የምናስከፍለው ነገር የለም፤ ሲመጡ አንድ አሮጌ ጨርቅ ይዘው ቢመጡ ግን ይጠቅመናል፤ ወለሉ ሰፊ ነው።